ለእርሾ የሚመሰክር ሰው

በታኅሣሥ ወር ሁለት ሺህ ስልሳ ሦስት ዓመተ ምሕረት፣ አንድ ማክሰኞ ጠዋት፣ እታፈራሁ ገና ከብርድ ልብሷ ሳትወጣ ሦስት ለቅሶ ደርሳለች፤ ሃምሳ አራት ሰው እንኳን ደስ ያለህ ብላለች፤ ሁለት አራስ ጠይቃለች፤ አንድ የተጣሉ ባልና ሚስት አስታርቃለች። አንዳቸውንም በመልክ አታውቃቸውም። ሥራውን ሁሉ የሠራላት ሰው ሠራሽ ወኪሏ ምትኬ ነው። እሷ ተኝታ ነበር።

«እንደምን አደሩ፣ እትዬ እታፈራሁ» አለ ምትኬ ከራስጌዋ። «እስካሁን ስልሳ ደግ ቃል ተናግረዋል። ስለዚህ እርሾዎን ሦስት ጊዜ አስተዋውቀዋል። አድናቆቱ እንደ ጎርፍ ነው።»

«እሰይ» አለችና በእግሯ ካልሲዋን ፈለገች።

ደብረ ብርሃን ውስጥ አንድ ነገር የሚሸጥ ሰው ሁሉ በማኅበር መሸጥ አለበት። እታፈራሁ ያለችበት ማኅበር «የደብረ ብርሃን ቤት ጋጋሪዎች» ይባላል፤ አባላቱ ዘጠኝ ሺህ አራት መቶ አሥራ ሁለት ናቸው፤ በአካል ተገናኝተው አያውቁም። ደንቡ አጭር ነው፦ ሃያ ደግ ቃል፣ አንድ ማስታወቂያ። ደንቡን ያወጡት ሰዎች ክፉ አልነበሩም። በድሮ ጊዜ ነጋዴው ሁሉ ሰላምታ እንኳ ሳይሰጥ እየገባ «ግዙኝ፣ ግዙኝ» ሲል ማኅበሩ የገበያ ቀን መናኸሪያ መስሎ ነበር። ስለዚህ ነጋዴ ከመሆንህ በፊት ጎረቤት ሁን ተባለ። ጥሩ ነገር ነው። ግን ማን ነው ዱቄት እያቦካ፣ ልብስ እያጠበ፣ በቀን ስልሳ ሰው የሚያጽናና? ሰዉ ለወኪሉ ሰጠው። ወኪሉ ለወኪል እንኳን ደስ ያለህ ይላል፤ ያኛውም ወኪል አሜን ይላል፤ ባለቤቶቹ ሥራቸውን ይሠራሉ።

ቀጥሎ ስድብ ተከለከለ። ስድብ ሲከለከል ወቀሳ የስድብ የአክስት ልጅ ናት ተባለና እሷም ተከለከለች። ከዚያ ወዲህ በማኅበሩ ውስጥ ክፉ ቃል ተሰምቶ አያውቅም። አምና አንድ ጡረተኛ በስህተት ሞቱ ተብሎ ተነገረና ሦስት ሺህ ሰው ነፍስ ይማር አለ። የራሳቸው ወኪል ለሦስቱም ሺህ «ስላጽናናችሁን እናመሰግናለን» ብሎ መለሰ። ሰውየው ነገሩን የሰሙት በአርባኛው ቀን፣ የተዝካር ዳቦ በራቸው ላይ ሲደርስ ነው። በልተውታል፤ ጥሩ ነበር ይባላል።

እታፈራሁ ሃምሳ ስምንት ዓመቷ ነው። የምትኖረው ጡብ ፋብሪካው አካባቢ ባለው ረጅም ሕንፃ ሁለተኛ ፎቅ ላይ ነው፤ የምትሸጠው የዳቦ እርሾ ነው። እርሾው በሸክላ ማሰሮ ውስጥ፣ በአሮጌ የሱፍ ሹራብ ተጠቅልሎ፣ ከምድጃው ጎን ይቀመጣል። ማሰሮዋን «ዘነቡ» ትላታለች። ዘነቡ የድሮ ጎረቤቷ ነበሩ። እታፈራሁ ወደዚህ ሕንፃ የገባች ዕለት፣ ዕቃዋ ገና በየጥጉ ተቆልሎ ሳለ፣ እትዬ ዘነቡ በሯን አንኳኩተው አንድ ጭልፋ እርሾ ሰጧት። ስማቸውን እንኳ የነገሯት ከሰጧት በኋላ ነው። ከሞቱ ዘጠኝ ዓመት ሆናቸው። እርሾው ግን እስካሁን ጠዋት ጠዋት ጧ፣ ጧ ይላል፤ እታፈራሁም «እንደምን አደሩ» ትለዋለች፤ ይህን ለማንም አትናገርም።

ሥራዋ ቀላል ነው። ዘነቡን ትመግባለች፣ ከዘነቡ ወደ ብርጭቆ ማሰሮዎች ትጨልፋለች፣ ክዳናቸውን ትገጥማለች። የማኅበሩ ተላላኪ እግሮቹን እያንኳኳ ደረጃውን ይወጣል፣ ማሰሮዎቹን በሆዱ ይከታል፣ ይወርዳል። ማን እንደገዛ ምትኬ ያውቃል። ምትኬ ሦስት ሺህ ስምንት መቶ ስድስት ምስጋና በመዝገብ ይዟል፤ እታፈራሁ ሲከፋት አንድ ሁለቱን ያነብላታል።

የዚያን ማክሰኞ ግን ተላላኪው ማሰሮ ሊወስድ ሳይሆን ደብዳቤ ሊያደርስ ነው የመጣው። ከደብዳቤው ጋር የሸሚዝ ቁልፍ የምታህል ጥቁር ነገር ነበረች።

«ከሕያው ምርት ተቆጣጣሪዎች ነው» አለ ምትኬ። «አዲስ መመሪያ ወጥቷል። ሕያው ነገር የሚሸጥ ሁሉ፣ ምርቱን በእጁ የሞከረ አንድ ሰው ምስክር ማቅረብ አለበት። በድምፅ። እስከ ቅዳሜ አምስት ሰዓት።»

«ካልሆነስ?»

«ምርቱ በፈላ ውሃ ይወገዳል። እናቲቱም ማሰሮ ጭምር።»

እታፈራሁ ሳቀች። «አንድ ምስክር? ከሦስት ሺህ ስምንት መቶው አንዱን ጥራልኝ።»

ምትኬ ዝም አለ። ምትኬ ዝም ሲል ሰምታው አታውቅም።

«ምነው?»

«እትዬ፣ እነዚያ ያመሰገኑት ወኪሎች ናቸው።»

«እሱንማ አውቃለሁ። የወኪሎቹን ባለቤቶች ጥራልኝ ነው የምልህ።»

«ባለቤቶቹ መቅመስ አለመቅመሳቸውን እርስዎ ጠይቀውኝ አያውቁም» አለ ምትኬ በትሕትና። «እኔም የማላውቀው ነገር ነው።»

 እታፈራሁ ሳቋን አቁማ ዘወር ብላ ዘነቡን አየች። ሹራቧን ለብሳ ተቀምጣለች፤ ጧ አለች።

እታፈራሁ ጥቁሯን ቁልፍ በገዛ ሹራቧ ደረት ላይ ሰካችና ወጣች። ቁልፏን ተቆጣጣሪዎቹ «ጆሮ» ይሏታል።

መጀመሪያ የሄደችው ከፎቅዋ በታች ወዳለችው ድንቅነሽ ነው። በመዝገቡ መሠረት ድንቅነሽ ስድስት ማሰሮ ወስዳለች፤ «እጅሽ ይባረክ፣ ማር ነው» ብላለች። እታፈራሁ በሩን በጣቷ አንኳኳች። ከውስጥ ወንበር ተገፋ፣ መልሶም ተሳበ። በር ሲንኳኳ ሰው ምን እንደሚያደርግ የተረሳ ይመስላል።

«ማነው? እሳት ነው?» አለች ድንቅነሽ ከውስጥ።

«እኔ ነኝ፣ እታፈራሁ! ከላይ!»

በሩ ተከፈተ፣ መተቃቀፍ ሆነ፣ ሦስት ዓመት በአንድ ደረጃ እየወጡ እየወረዱ ሳይተያዩ መኖራቸው ተነሣ፣ ሁለቱም ከንፈር መጠጡ። እታፈራሁ ጉዳይዋን ነገረቻት። ድንቅነሽ ሳትቀመጥ እጅዋን ደረቷ ላይ አድርጋ እታፈራሁ ወደ ሰካቻት ጆሮ ጎንበስ አለች።

«የእታፈራሁ እርሾ ማለት ማር ነው! እጇ ይባረክ! እንዲህ ያለ እርሾ አይቼ አላውቅም!»

«አልተቀበልንም» አለች ጆሮ በለሰለሰ ድምፅ። «ቃሉ ከወኪል ቃል አይለይም።»

«ምን አልሽ? እኔን ነው? ሦስት ልጅ የወለድኩትን?» ድንቅነሽ ተቆጣች። «ወኪል ጉልበቱን ያመዋል? እኔን ሌሊቱን ሙሉ ሲቆረጥመኝ ነው ያደረ!»

«የጉልበትዎ ሕመም ተመዝግቧል። ስለ እርሾው ያሉት ግን ተቀባይነት የለውም።»

እታፈራሁ የጓደኛዋን ፊት አየች። «ድንቅነሽ፣ እውነቱን ንገሪኝ። ጋግረሽበት ታውቂያለሽ?»

ድንቅነሽ ነጠላዋን አስተካከለች፤ ካስተካከለችው በኋላ ደግማ አስተካከለችው። «እኔማ... ለእህቴ ልጅ ቤት ምርቃት ሰጠሁት። ማለቴ ወኪሌ ሰጠችው። ባዶ እጅ አይኬድ ነገር! ሌላውንም እንዲሁ፣ አንዱን ለአራስ፣ አንዱን ለሐዘን። ለሁሉ ነገር ይሆናል እኮ፣ ቅር እንዳይልሽ።»

ነገሩ እንዲህ ሆኖ ተገኘ። የእታፈራሁ እርሾ ለስጦታ የተፈጠረ ነው፦ ሕያው ነው፣ ባህላዊ ነው፣ ብርጭቆው ያምራል፣ ማንንም አያስቀይምም። ወኪሎች ይወዱታል። የተቀበለ ወኪል ያመሰግናል፣ ባለቤቱን ሳያስቸግር ለሚቀጥለው ድግስ ያሳልፈዋል። በየማሰሮው ሥር ቁጥር አለ። ረቡዕና ሐሙስ እታፈራሁ ቁጥር ሁለት መቶ አሥራ ሁለትን ብቻ ተከትላ ሄደች፤ ከድንቅነሽ ወደ እህቷ ልጅ፣ ከእህቷ ልጅ ወደ ጥርስ ሐኪም፣ ከጥርስ ሐኪሙ ወደ አድማሱ የሚባሉ መምህር። አሥራ አንድ ቤት ዞራለች፤ ከዚያ ወዲያ የማሰሮዋ ዱካ ጠፋ። በአሥራ አንዱም ቤት ክዳኗ አልተከፈተም።

ያስቸገረው ግን ያ አልነበረም። ያስቸገረው ሁሉም ደጎች መሆናቸው ነው። ደጃቸው ላይ ፊቷ የቀላ፣ የደከማት ሴት ቆማ «መስክሩልኝ» ስትል ማን አልመሰክርም ይላል? ይሉኝታ የሚባል ነገር አለ። መምህር አድማሱ እንባ አውጥተው «የልጅነቴን ዳቦ አስታወሰኝ» ብለው መሰከሩ። ጆሮ አልተቀበለችም። በኋላ ሲወጣ፣ መምህሩ ስንዴ ከቀመሱ ሰውነታቸው ያብጣል፤ በልጅነታቸውም ዳቦ በልተው አያውቁም። የጥርስ ሐኪሙ ሚስት «በቃል አይገለጽም» አለች፤ እሷ እንኳ እውነቷን ነበር፣ ምንም አላየችማ። ሰባት ሰው መሰከረ፣ ሰባቱም ወደቀ።

«ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተትዋንም አላይ» አለች እታፈራሁ ሐሙስ ማታ ጫማዋን እያወለቀች። ሦስት ሺህ ስምንት መቶ ስድስት ምስጋና፣ አንድ የተቆረሰ ዳቦ የለም።

ዓርብ ጠዋት ድንቅነሽ፣ ያን የሚቆረጥም ጉልበቷን ይዛ፣ ደረጃውን ወጥታ መጣች። ጆሮን በፎጣ ሸፍናት ድምፅዋን ዝቅ አደረገች።

«አንድ ጭልፋ ስጪኝ። እኔ ቤት ከአልጋዬ ሥር እደብቅልሻለሁ። የቀረውን ይውሰዱት።»

እታፈራሁ ጭልፋውን አነሣች። እጇ ማሰሮዋ ውስጥ ገብቶ ነበር። ከዚያ ቆም አለች። ተደብቆ የሚኖር እርሾ ለማን ይሰጣል? አዲስ ጎረቤት ሲገባ በየትኛው በር ይወሰዳል? እትዬ ዘነቡ ከአልጋ ሥር ሊኖሩ ነው? አለቀሰች። ወንበር ስባ ተቀመጠችና እንደ ልጅ አለቀሰች፤ ድንቅነሽም ነገሩ ሙሉ በሙሉ ሳይገባት አብራት አለቀሰች።

አፍንጫዋን ስታብስ አንድ ሐሳብ መጣላት። «ምትኬ፣ ያላመሰገነኝ ሰው አለ?»

 «አንድ አሉ» አለ ምትኬ እያመነታ። «ለማኅበሩ ሰላም ስል ስማቸውን ሳላነሣ ቆይቻለሁ። ሁለት መቶ አሥራ ሁለት የቆመችው እሳቸው ጋ ነው። ጋሽ ወንድይፍራው ይባላሉ፤ ጠባሴ ነው ቤታቸው። እሳቸው...» ምትኬ ቃል ፈለገ። «ወኪል የላቸውም።»

ሱሪ የላቸውም ያለ ነበር የሚመስለው።

ጠባሴ ስትደርስ ውርጩ ገና ከሣሩ ላይ አልለቀቀም። የጋሽ ወንድይፍራው በር ክፍት ነበር፤ ነፋስ እንዳይዘጋው አንድ ክብ ጥቁር ድንጋይ ተደግፎታል። እታፈራሁ ጎንበስ ብላ አየችው። ድንጋይ አይደለም። ዳቦ ነው።

«ማን ነው?» ሽማግሌው ከውስጥ ወጡ። ድሮ ጂቡቲ የሚመላለስ ከባድ መኪና ይነዱ ነበር፤ መኪናዎቹ ራሳቸውን መንዳት ሲጀምሩ ጡረታ ወጡ። ከነጂነቱ የቀራቸው ሰፊ ትከሻና መንገድ ልቀቁ የሚል ድምፅ ነው።

«እታፈራሁ እባላለሁ። የእርሾዋ...»

«አሃ! አንቺ ነሽ!» ጮኹ። «ይህን ጉድ የላክሽብኝ አንቺ ነሽ! ግቢ! ግቢና ሥራሽን እዪ!»

ገባች። ጋሽ ወንድይፍራው መነጽራቸውን አደረጉና ማሰሮዋን ከመስኮቱ አንሥተው ጽሑፉን እየጮኹ አነበቡ።

«"በፍቅር ይመግቡኝ፤ በትዕግሥት ይጠብቁኝ፤ ቤትዎን በበረከት እሞላለሁ።" እሺ! ፍቅሩ ስንት ኩባያ ነው? በጣሳ ነው በማንኪያ? ውሃው የት አለ? ጨው የሚባል ነገርስ በአገሩ ጠፍቷል?»

እታፈራሁ ጽሑፉን አንብባው አታውቅም። የጻፈው ምትኬ ነው። ፊቷ ጋለ።

«ጽሑፉ አራት ሺህ አድናቆት አግኝቷል» አለ ምትኬ ጆሮዋ ውስጥ ባደረገችው ማዳመጫ።

«ዝም በል» አለችው።

«እኔን ነው ዝም በል የምትይው?»

«እርስዎን አይደለም ጋሽዬ። ይቅርታ፣ ይቀጥሉ።»

ቀጠሉ። እንዲቀጥሉ መለመንም አያስፈልጋቸውም። በመጀመሪያው ሳምንት ክዳኑ ተፈናጥሮ ጣሪያቸውን መታው፤ ምልክቱን በከዘራቸው አሳዩዋት። የመጀመሪያው ዳቦ አልነፋ አለ፤ ውሻ እንኳ አሽትቶት ሄደ። ሁለተኛው ነፋ፣ ነፋ፣ ከዚያ ታርቆ የከዳ ጠላት ይመስል መሀሉ ገደል ሆነ። አራተኛው እንደ ሎሚ ጎመዘዘ። አምስተኛው በሩን የሚደግፈው ነው።

«ጨው ለራስህ ስትል ጣፍጥ፣ አለበለዚያ ድንጋይ ነህ ተብለህ ትጣላለህ ሲባል አልሰማሽም? እኔ ግን አልጣልኩትም፤ ለበር አደረግኩት። በርግጥ ለበር ጥሩ ነው። ይህን ጻፊልኝ፤ ለበር የሚወዳደረው የለም!»

ያን ጊዜ የእታፈራሁ ትሕትና አለቀ። «የት ነው የሚያኖሩት?»

«እዚህ፣ መስኮቱ ላይ። አየር እንዲያገኝ።»

«መስኮት ላይ! በታኅሣሥ! ደብረ ብርሃን ውስጥ! ጋሽ ወንድይፍራው፣ ራስዎ ያለ ጋቢ መስኮት ላይ ያድራሉ?»

«እኔ እርሾ ነኝ?»

«እሱስ ሰው መሰለዎት በፍቅር ብቻ የሚሞቅ? ይጠቅልሉት! ከምድጃ አጠገብ ያኑሩት! ስንት ሰዓት ነው የሚያቆዩት?»

«ሁለት ሰዓት።»

«ሁለት ሰዓት!» ራሷን ያዘች። «በዚህ ብርድ ሌሊቱን ሙሉ ማደር አለበት። ሁለት ሰዓት እኮ ገና ስሙን አያስታውስም!»

«ታዲያ ለምን አልጻፍሽውም?» ጮኹ።

«አላውቅማ!» ጮኸች። «የሚጋግር ሰው ያለ አልመሰለኝም!»

 ሁለቱም ፊታቸው ቀልቷል፤ እውነቱን ለመናገር ሁለቱም ደስ ብሏቸዋል። እታፈራሁ እንዲህ የጮኸችበትን ጊዜ አታስታውስም። ማሰሮዋን ተቀብላ አሸተተችው። ደህና ነው። በርዶታል፣ ተርቧል፣ ግን ይተነፍሳል፤ ጠረኑ የዘነቡ ጠረን ነው።

«ስንት ጊዜ ጋገሩ?»

«አሥራ አንድ።»

«አሥራ አንድ ጊዜ ተበላሽቶብዎት? ለምን አልተዉትም?»

ሽማግሌው መነጽራቸውን አወለቁ። «ምን ብዬ እተወዋለሁ? ጠዋት ስነሣ ይተነፍሳል። በዚህ ቤት ከኔ ሌላ የሚተነፍስ እሱ ብቻ ነው።»

እታፈራሁ ማሰሮውን በሁለት እጇ አቀፈችው። ያን ጊዜ ደረቷ ላይ ያለችው ጆሮ ተናገረች።

«ተቀብለናል። ምስክሩ ሰው ነው።»

«ይህቺ ደግሞ ማን ናት?» አሉ ጋሽ ወንድይፍራው።

«መመሪያው እንደሚያዘው» ጆሮ ቀጠለች፣ «ምስክርነቱ አንድም ቃል ሳይቀነስ በማኅበሩ ውስጥ ከሱቅዎ በላይ ይሰቀላል፤ ለአንድ ዓመት። ካልተስማሙ ምስክርነቱ ይሰረዛል። ይስማማሉ?»

ምትኬ በማዳመጫው ተማጸናት። «እትዬ፣ እባክዎ። ዘጠኝ ሺህ አራት መቶ አሥራ ሁለት አባል! "ውሻ አሽትቶት ሄደ" የሚል ቃል በማኅበሩ ታሪክ ተሰምቶ አያውቅም። ስምዎ!»

ስሟ። እታፈራሁ ስሟን አሰበችው። ሕንፃው ሁሉ፣ መምህር አድማሱ፣ የማታውቃቸው ሃምሳ አራት ሰዎች፣ ሁሉም «ለበር የሚወዳደረው የለም» የሚለውን ሲሰሙ ታያት።  ሌላ ምስክር ለመፈለግ አንድ ቀን እንኳ አልቀራትም።

«እኔ ያልኩትን አላነሣም» አሉ ጋሽ ወንድይፍራው። «ጣፋጭ ነው ይበሉልኝ ካልሽ በሩ ያውልሽ፣ ክፍት ነው፤ በምን እንደተከፈተም ታውቂያለሽ።»

«አያንሡት» አለች እታፈራሁ። ከዚያ ወደ ደረቷ ጎንበስ ብላ «እስማማለሁ» አለች።

ቅዳሜ ለአምስት ሰዓት አሥር ደቂቃ ሲቀር ተቆጣጣሪዋ መጣች፤ ሰማያዊ ካፖርት የለበሰች፣ የፈላ ውሃ በትልቅ ፔርሙስ የያዘች ቀጭን ሴት ናት። ከጆሮ የመጣውን መዝገብ አነበበች። ሁለት ጊዜ አነበበች። አፏን በእጇ ሸፈነች፤ ትከሻዋ ይንቀጠቀጣል። ከዚያ ፊቷን አስተካክላ «ተፈቅዷል» አለችና ማኅተሟን መታች። ድንቅነሽ እልል አለች። ውሃው እንዳይባክን ሻይ አፈሉበት።

ምስክርነቱ ማኅበሩ ውስጥ የተሰቀለው ልክ በአምስት ሰዓት ነው። ከዚያ ሩብ ሰዓት ሙሉ በማኅበሩ ውስጥ ማንም ማንንም እንኳን ደስ ያለህ አላለም።

«ምን ሆነው ነው?» አለች እታፈራሁ።

«ወኪሎቹ የሚመልሱት ጠፋባቸው» አለ ምትኬ፤ ድምፁ ራሱ ትንሽ ተረብሿል። «ለምስጋና መልስ አለን፣ ለሐዘን መልስ አለን። ለዚህ የለንም። ወኪል ያላወቀውን ባለቤቱን ይጠይቃል፤ ደንብ ነው። አሁን ባለቤቶቻቸውን እየጠሩ ነው።»

«ስንቱን?»

«ሁሉንም።»

እንዲህ ሆኖ፣ በዚያ ቅዳሜ ረፋድ፣ ከአልጋ የተነሣው፣ ከገላ መታጠቢያ የወጣው፣ ልብስ ሲያሰጣ የነበረው ሁሉ፣ ከስንት ዓመት በኋላ የገዛ ማኅበሩን አነበበ። መጀመሪያ አንዲት ሴት «ይህ ሽማግሌ እውነቱን ነው፣ የኔም ድንጋይ ሆኖ ነበር» አለች። ሌላዋ «ድንጋይ ከሆነ ውሃ አሳንሰሽ ነው» አለቻት። አንዱ «ጨው መጨረሻ ነው የሚገባው» አለ፤ ሌላው «ማን አስተማረህ፣ ባለጌ» አለው፤ ባለጌ የተባለው ሰው ቅር አላለውም፣ ይልቁንም የት ሰፈር እንደሆነ ጠየቀ። መምህር አድማሱ በጽሑፍ ይቅርታ ጠየቁ፣ ስለ ሰውነታቸው እብጠት በዝርዝር ተናገሩ። ሞቱ የተባሉት ጡረተኛም ብቅ ብለው በሕይወት መኖራቸውን አስታወቁ።

«እትዬ፣ ሰዎቹ እየተናገሩ ነው!» አለ ምትኬ። «አምስት መቶ ጥያቄ መጥቷል። ምን ልበላቸው?»

«አንተ ምንም አትበል። እኔ እላለሁ» አለችና ተቀመጠች። በራሷ ድምፅ ለማኅበሩ የተናገረችው የመጀመሪያ ቃል ይህ ነበር፦ «ለአንድ ጭልፋ እርሾ አንድ ኩባያ ዱቄት፣ ከኩባያ ጥቂት ጎደል ያለ ለብ ያለ ውሃ። ጠቅልላችሁ አሳድሩት። ቀድሞ ባለመናገሬ አጥፍቻለሁ። ያልገባው ሰው ሁለተኛ ፎቅ ይምጣ።»

ይምጣ ያለችው ለአፍ ያህል ነበር። መጡ። ከሰባት ሰዓት ጀምሮ በሯ ተንኳኳ፤ አንዳንዱ ማንኳኳቱን ረስቶት በሩን በእጁ መዳፍ ይደበድባል። ደረጃው በሰውና በተበላሸ ዳቦ ሞላ። ያልነፋ፣ የነፈረ፣ ያረረ፣ ማሰሮውን እንኳ ሳይከፍት ለማወቅ የመጣ። ተቆጣጣሪዋ ካፖርቷን አውልቃ ቀረች፤ የሷም አይነፋም ነበር።

ወደ አሥር ሰዓት ላይ ጋሽ ወንድይፍራው በደረጃው ወጡ፤ ሰዉ ግራና ቀኝ ለቀቀላቸው። በጋቢ የተጠቀለለ ነገር አቅፈዋል። ጠረጴዛው ላይ ፈቱት። አሥራ ሁለተኛው ነው፤ ጠቅልለው፣ ከምድጃ አጠገብ አሳድረው ጋግረውታል። ከፍ ብሏል፤ ላዩ ወርቅማ ቡናማ ነው። ሰዉ «ወይ ጉድ» አለ።

ሽማግሌው ቢላዋ አውጥተው ቆረጡና ለእታፈራሁ አቀበሏት። 

ጎረሰች። ደረጃው ሁሉ አፏን ያያል። ምላሷ ላይ ያ የተለመደው ቃል ተዘጋጅቶ መጣ፤ እጅዎ ይባረክ፣ ማር ነው። ሃያ ዓመት የለመደችው ነው፤ ደግም ነው፤ እሳቸውን ደስ ያሰኛቸዋል። ዓይናቸውን አየች። አኘከች፣ ዋጠች።

«መሀሉ ጥሬ ነው» አለች።

 ድንቅነሽ በነጠላዋ ፊቷን ሸፈነች። ጋሽ ወንድይፍራው ከራሳቸው ዳቦ አንድ ቁራሽ ቆረሱና ጎረሱ። ቆይተው፣ ቆይተው አኘኩ።

«ነው» አሉ። አንገታቸውን ነቀነቁ፤ ፊታቸው ቀስ እያለ በፈገግታ ተሞላ። «ጥሬ ነው። ነገ ስንት ሰዓት ልምጣ?»

«ከቤተ ክርስቲያን መልስ» አለች እታፈራሁ። «ዱቄትዎን ይዘው ይምጡ።»